እስኪመታ ድረስ ለምን ይጠበቃል?

ሰሞኑን እኛ ሰፈር አንድ ልጅ እናቱን መትቶ እጇን ሰበራት፣ ፖሊስ ተጠራ፣ ጎረቤቱ ግር ብሎ ወጣ፣ ሁሉም የሚለው "ምን ነካው፣ ድንገት አበደ እኮ" ነው። ምኑ ነው ድንገት! ልጁ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ይሰማል፣ ብቻውን ያወራል፣ ወጡ ውስጥ መርዝ አለ ብሎ የእናቱን ምግብ ትቶ ከሱቅ የታሸገ ብስኩት ብቻ ነበር የሚበላው፣ ስልኩንም ይሰልሉኛል ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ባልዲ ስር ይደብቃል። እናቱ ዝም አላለችም፣ መተት ነው ሲሏት ጸበል ወሰደችው፣ ጫት ነው ሲሏት ጓደኞቹን ከበር መለሰች። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ውሰጂው ያላት ግን አንድም ሰው አልነበረም፣ አማኑኤል ገባ ከተባለ ማን ስራ ይሰጠዋል ማን ሚስት ይሰጠዋል ይባላላ።

የአእምሮ ህመም ያለበት ሰው ሁሉ ይማታል እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፣ እንደውም ድንጋይ የሚወረወርባቸው፣ ቤት ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩት፣ ጎዳና ላይ የሚደፈሩት እነሱ ናቸው። አደጋው የሚጨምረው ሀኪሞች ሳይኮሲስ የሚሉት ነገር፣ ማለትም ሰው የሌለውን እውነት ነው ብሎ የሚያምንበት ወይ የሌለ ድምጽ የሚሰማበት ህመም፣ ጀምሮ ሳይታከም ሲቆይ ነው፣ ጫትና መጠጥ ሲጨመርበት ደሞ ይብሳል። ሰውየው እኮ በሱ ሀሳብ ሊገድሉት ከመጡ ሰዎች ራሱን እየተከላከለ ነው፣ ለዛም ነው ዱላው አብሮት የሚኖረው ሰው ላይ የሚያርፈው፣ እናት ላይ፣ ሚስት ላይ፣ ወንድም ላይ።

ሳይኮሲስ የሚያመጣው እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለው የአእምሮ ህመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአስራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ተማሪ ልጅ ያላችሁ በተለይ እንቅልፉንና ከሰው መራቁን እዩ። ጸበሉን ተዉ አልላችሁም፣ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ፣ ግን መድኃኒቱን አስቁማችሁ አትውሰዱት በናታችሁ። ክኒን አልውጥ ለሚል ወይ ለሚረሳ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ። ህክምናውም አማኑኤል ብቻ አይደለም፣ ጳውሎስ ሆስፒታልም አለ፣ ክፍለ ሀገር ያላችሁ ጅማም ጎንደርም አለ፣ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ማጻፍ ትችላላችሁ።

አልሄድም ካለ እናንተ ቀድማችሁ ሂዱና ያያችሁትን ለሀኪሙ ንገሩ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚል፣ ማንን እንደሚጠረጥር። እስከዛው "ውሸትህን ነው፣ ማንም አይከታተልህም" እያላችሁ አትከራከሩት፣ ቢላና መጥረቢያ ከአጠገቡ አርቁ፣ ማታ ብቻዋን ከሱ ጋር የምታድር እናት ካለች ደሞ አንድ ሰው አብሯት ይደር።