ርካሹን የአሳማ ፀጉር ብሩሽ መርጦ መግራት

ብዙ ሰው ጺም ሲላጭ የሳሙና አረፋ ስለሚመታበት የአሳማ ፀጉር ብሩሽ የሚፈርደው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አዲሱ ብሩሽ ፊት ይቧጭራል፣ የእርጥብ እንስሳ ሽታ ይሸታል፣ የተመታው አረፋ ደግሞ ጉንጭ ላይ ሳይደርስ እዚያው ፀጉሩ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ከዚያ «ርካሽ ነገር እንዲህ ነው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል። እኔ ይህን ፍርድ ችኩል ነው እላለሁ። ብሩሹ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚወስነው ዋጋው ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፦ የፀጉሩ ጫፍ መቀስ ነክቶታል ወይስ አልነካውም፣ ባለቤቱስ ውሃና ጊዜ ሊሰጠው ፈቃደኛ ነው ወይ።

የአሳማ ፀጉር ሥሩ ላይ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄድና መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ስንጥቅ ላይ ነው። ቆዳ የሚነካው እሱ፣ አረፋ የሚይዘውም እሱ። ሁለተኛው ጠባዩ ውሃ መምጠጡ ነው። ባጀር የሚባለው የዱር እንስሳ ፀጉር ውሃውን በአብዛኛው በፀጉሮቹ መሃል ይይዛል፤ የአሳማው ግን እያንዳንዱ ዘለላ ራሱ ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣም ይለሰልሳል። ሳይነክር ፊቱ ላይ ያሳረፈ ሰው ቢቆረቁረው አይገርምም።

እንግዲህ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ጫፉ ነው። በደንብ የተሠራ ብሩሽ ሲሠራ ፀጉሩ በጫፉ በኩል ጎድጓዳ ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ ክብ አናቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። የሚቆረጠው የሥሩ በኩል ብቻ ነው፤ እሱም እጀታው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ሰነፉ አሠራር ግን ፀጉሩን አስሮ አጣብቆ ሲያበቃ ከላይ በመቀስ ያስተካክለዋል። ያን ጊዜ የተሰነጠቀው ለስላሳ ክፍል መሬት ይወድቃል፣ የቀረው ደንዳና ጉቶ ነው። ይህን ምንም ዓይነት መግራት፣ ማለትም ደጋግሞ እየነከሩ እያደረቁ ማለስለስ፣ አያድነውም። ደህና ብርሃን ላይ ይዞ ማየት ነው፤ የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየትም ይበቃል። ያልተቆረጠ ጫፍ ቀጭን፣ ከግንዱ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው፣ ቁመቱም ትንሽ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። አናቱ እንደ ተላጨ ሣር እኩል ከሆነ ይቅርብዎ።

ጥቁር ቀለበት የተቀባባቸውም አሉ፤ የባጀርን መልክ ለማስመሰል ነው። ቀለሙ በራሱ ብሩሹን አያበላሸውም፣ ብቻ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ሊለቅ ስለሚችል ነጭ ፎጣ አጠገብ አለማኖር ነው። ያልተቀባ ተራ ቡናማ ወይም የነጣ ፀጉር ብመርጥ ይሻለኛል፤ ጫፉን ለማየትም ይቀላል።

መጠኑ ላይ ሁለት ቁጥር ማወቅ በቂ ነው። አንደኛው የፀጉሩ እስር ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ያለው ስፋት፣ ሁለተኛው ከእጀታው አፍ እስከ አናቱ ያለው ቁመት። ለጀማሪ ከ22 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ይስማማል። ቁመቱ ከስፋቱ እጥፍ በጣም ሲያልፍ ብሩሹ ይልፈሰፈሳል፤ በጣም ሲያጥር ደግሞ እንደ ግንድ ይገትራል፣ አረፋውም ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ሳሙናውን ፊቱ ላይ እየመታ አረፋ የሚያወጣ ሰው አጠር ያለውን ይውሰድ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የሚመታ ረዘም ያለው ይመቸዋል፣ ጣቱም አረፋ ውስጥ አይነከርም።

እጀታ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ብቻ እንጨት ከሆነ ቫርኒሹ የእስሩ አፍ ድረስ መድረሱን ይመልከቱ። ውሃ የሚሰርቀው እዚያ ነው፣ መሰንጠቅም የሚጀምረው እዚያ ነው። ፕላስቲክ ብዙ አይታይለትም እንጂ ለዚህ ሥራ እሱን የሚያህል የለም።

በዚህ የዋጋ ደረጃ ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሳው የጣሊያኑ ኦሜጋ እና የፖርቱጋሉ ሴሞግ ናቸው። ሁለቱም የፀጉር ቤት ብሩሽ ስለሚሠሩ ርካሽ ሞዴሎቻቸው እንኳን ለየቀኑ ሥራ የታሰቡ ናቸው። በተመሳሳይ ዋጋ ባጀር ቢቀርብልዎ አይጓጉ፤ ርካሽ ባጀር የሚሠራው ከእንስሳው ሻካራ ፀጉር ነው፣ የአሳማው ደግሞ ከተገራ በኋላ ይበልጠዋል። መንከርም መጠበቅም የማይወድ ሰው ግን ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለውን ይግዛ። ለሱ የአሳማ ፀጉር መምከር ማስቀየም ነው።

ያረጀ የአያት ዘመን ብሩሽ ለሚያጓጓው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በብሪታንያና በአሜሪካ ሰዎች ከጺም ብሩሽ አንትራክስ (አባ ሰንጋ) የሚባለው በሽታ ያዛቸው፣ የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ በደንብ ያልጸዳ የፈረስ ፀጉር ነበር። አንዳንድ ጥንታዊ እጀታ ላይ «ከጀርም የጸዳ» የሚል ማህተም የሚታየውም ከዚያ ወዲህ ገዢን ለማረጋጋት ነው። ስለዚህ እጀታውን ለውበቱ መግዛት ይቻላል፣ ፀጉሩን ግን አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው።

አዲሱ ብሩሽ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ መታጠብ አለበት። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ መዳፍ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ማሸት፣ አረፋው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። ይህ ከፋብሪካ የመጣውን ቅባትና አቧራ ያነሳል፣ ሽታውንም ይቀንሳል። ሽታው ካልጠፋ መዓዛ ያለው የመላጫ ሳሙና አረፋ መትቶበት ሌሊቱን ከነአረፋው ማሳደር ይረዳል። ጠዋት ይታጠባል። ሽቶ መርጨት አያስፈልግም፣ አልኮሉ ፀጉሩን ያደርቀዋል።

መግራት የሚባለው ነገር ምስጢር የለውም። ፀጉሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይህ ሲደጋገም ጫፉ ይበልጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው መንከሩ ብቻ አይደለም፣ መድረቁም ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ምንም አያፋጥንም፤ ይልቅ ማጣበቂያውን ያዳክማል። መላጨት የሌለበት ቀን እንኳን ቢሆን ነክሮ፣ መዳፍ ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አረፋ መትቶ፣ አጥቦ እስከ ማግሥቱ ማድረቅ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልዩነቱ በጣት ይታወቃል፦ አናቱ ወደ ውጭ ከፈት ይላል፣ ጫፉ ይለሰልሳል፣ ግንዱ ግን ጥንካሬውን ይዞ ይቀራል። ለስላሳ ጫፍ በጠንካራ ግንድ ላይ። ይህ የአሳማ ፀጉር ብሩሽ የራሱ ባሕርይ ነው፣ እኔም ከሌላው የማስበልጠው ለዚህ ነው።

የፈላ ውሃ ግን በፍጹም። ፀጉሩ ይጎዳል፣ እስሩን የያዘው ማጣበቂያም ይለቃል። እጅ ሳይቃጠል የሚታገሠው ሙቀት ልኩ ነው።

የየዕለቱ አጠቃቀም በመንከር ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ፀጉሩ ብቻ፣ እጀታው ከውሃው በላይ ሆኖ። ገላ እስኪታጠቡ ኩባያ ውስጥ ማቆየት በቂ ነው። ከዚያ ጨመቅ ማድረግና ሁለት ሦስቴ ማራገፍ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል፤ ብሩሹን ውሃ እያንጠባጠበ ሳሙና ላይ ያሳርፈዋል፣ ያገኘውም ትልልቅ አረፋ ሆኖ ፊት ላይ ወዲያው ይሟሽሻል። በመጀመሪያ ውሃው ያነሰ ይሁን፤ ውሃ መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ ግን አይቻልም።

ደረቅ ሳሙና ላይ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ለባጀር ከሚበቃው ይረዝማል፣ ምክንያቱም ፀጉሩ ራሱ የሚጠጣው አለ፤ አዲስ ሲሆንማ ይብሳል። መቼ እንደሚበቃ ሰዓቱን ትቶ ሳሙናውን ማየት ነው። መጀመሪያ ነጭ ቀጭን አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ እየወፈረ የሚጣበቅ ቅባት ይሆናል፣ ብሩሹ ሲነሳ ሳሙናውን ትንሽ ይጎትታል። ያን ጊዜ በቃ። ክሬም ከሆነ 1 ግራም አካባቢ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ በቀጥታ አናቱ ላይ።

ከዚያ ፊት ላይ በክብ እያዞሩ መምታት። አረፋው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ የብሩሹን ጫፍ ብቻ ውሃ ማስነካት፣ እንደገና መምታት፤ ይህን ሦስት አራቴ መደጋገም። የሚፈለገው እንደ ወፈረ እርጎ የሚያብለጨልጭና ዓይን የሚለያቸው ፊኛዎች የሌሉት አረፋ ነው። በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲታሽ መንሸራተት አለበት። ከተጣበቀ ውሃ ይጎድለዋል። የሚንሸራተት ግን ቀጥ ብሎ የሚፈስ ከሆነ ሳሙና ይጎድለዋል። በመጨረሻ የቀለም ቅብ በሚመስል ለስላሳ ምት ወደ አንድ አቅጣጫ ማስተኛት።

ብሩሹን ፊት ላይ መጫን አያስፈልግም። ፀጉሩ እስከ ሥሩ እየተጠፈጠፈ የሚሠራበት ሰው ከጊዜ በኋላ መሃሉ ላይ ክብ ባዶ ይከፈትበታል፤ ፀጉሩ የሚሰበረውም ከማጣበቂያው በላይ ባለው ጠርዝ ነው። የብሩሹ ግማሽ ድረስ ብቻ ቢታጠፍ ልኩ ነው። ጺማቸው ጠምዛዛ ሆኖ ወደ ውስጥ ለሚበቅልባቸው ሰዎች ደግሞ የክብ ምቱ ከመላጨት በፊት ጺሙን ቀና ያደርጋል፤ ያበጠና የቆሰለ ቦታ ላይ ግን ጎርባጣ ፀጉር ማሸት ቁስሉን ያብሰዋል፣ እዚያ በጣት መቀባት ይሻላል። ብሩሽ እንደ ምላጭ ሁሉ የአንድ ሰው ነው።

ሁሉንም በትክክል አድርጎ አረፋ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የውሃው ሊሆን ይችላል። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ንጣፍ የሚተው ውሃ እሱ ነው። መፍትሔው ሳሙናውን ማብዛት፣ ወይም ብሩሹን ማዕድኑ በወጣለት የተጣራ ውሃ (ዲስቲልድ) መንከር ነው። ለአንድ ጊዜ መላጨት ግማሽ ብርጭቆ ስለሚበቃ ወጪው አያስጨንቅም። ይኸው ዝቃጭ በፀጉሩ ሥር ስለሚከማች ብሩሹ ከጊዜ በኋላ ግትር ይሆናል፣ ውስጡም ነጭ ነገር ይታያል። በወር አንዴ 1 እጅ ነጭ አቼቶ በ10 እጅ ለብ ያለ ውሃ አቅጥኖ 5 ደቂቃ መንከር፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ነው።

ከመላጨት በኋላ ሥሩ ድረስ ማጠብ፣ መጭመቅ እንጂ አለመጠምዘዝ፣ አራግፎ ፎጣ ላይ ወዲያ ወዲህ ማበስ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ ማቆም። ዘቅዝቆ መስቀል ግዴታ የሆነ ያህል የሚነገረው ማንጠልጠያ ለመሸጥ ይመስለኛል፤ ከተራገፈ በኋላ በውስጡ የቀረው እርጥበት ዘቀዘቁትም አቆሙትም የሚወጣው በአየር ነው። ዋናው በር በተዘጋ ቁምሳጥን ወይም ቀዳዳ በሌለው የጉዞ ቱቦ ውስጥ እርጥቡን አለማስቀመጥ ነው፤ ሻጋታ የሚይዘው እንዲህ ሲሆን ነው። ሙሉ ለሙሉ ለመድረቅ አንድ ቀን ያህል ስለሚፈልግ፣ በየቀኑ የሚላጭ ሰው ሁለት ርካሽ ብሩሽ ይዞ ቢያፈራርቅ ከአንድ ውድ ይልቅ ይጠቀማል።

ፀጉር መርገፉስ? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ዘለላ ቢወድቅ የተለመደ ነው፤ ሲታሰር ያልተያዘው ነው የሚወጣው። ከተገራም በኋላ በየቀኑ ከረገፈ የወደቀውን አንስቶ ማየት ነው። ሥሩ ላይ የማጣበቂያ ርዝራዥ ካለ፣ ወይም ሙሉ ቁመቱን ይዞ ከወጣ፣ እስሩ እየለቀቀ ነው። አጥሮ ከወጣ የተሰበረ ነው፤ መንስኤውም መጫን ወይም መጠምዘዝ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አንድም ፀጉር ሳይረግፍ እስሩ በሙሉ ከእጀታው ይነቀላል። ይህ አስደንጋጭ ቢመስልም ቀላሉ ብልሽት ነው። አሮጌውን ማጣበቂያ ከጉድጓዱ ፍቆ ማውጣት፣ ሁለቱንም ወገን አንድ ሁለት ቀን በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ሁለት ቱቦ ያለውን ውሃ የማይበግረው ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ እኩል ቀላቅሎ ጉድጓዱ ታች ማድረግ። ብዙ አይጨመር፤ እስሩ ሲገባ የተረፈው ወደ ፀጉሩ ይወጣና እዚያው ይደነድናል። ቀጥ ብሎ መቆሙን ከሁለት በኩል አይቶ፣ ለ24 ሰዓት ውሃ እንዳይነካው።