ኢዚ ቀን

ሩጫ የጀመርኩት 10ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላደገ ልጅ እንጦጦ ጓሮው ነው። ጅብ ስለምንፈራ አራት አምስት ሆነን ተጠራርተን ሌሊት 11 ሰዓት እንወጣለን፤ በባህር ዛፉ መሃል አንዳችን የአንዳችንን ተረከዝ እያየን በሰልፍ እንሮጣለን። ከዚያ ቤት ተመልሼ፣ ታጥቤ፣ በሶዬን ጠጥቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ዲሲፕሊን ማለት ይኸው በሌሊት መነሳቱ ይመስለኝ ነበር።

አሰልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ አለን። የሮጥነውን ደቂቃ፣ የተኛነውን ሰዓት፣ ያመመንን ሁሉ እንጽፍበታለን። ማክሰኞ ዳገት፣ ሐሙስ ስፒድ፣ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ፤ በመሃል ያሉት ቀናት ኢዚ። ኢዚ ማለት ከጎንሽ ካለችው ልጅ ጋር ትንፋሽሽ ሳይቆራረጥ እያወራሽ የምትሮጪው ነው። እኔ አልወደውም ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጓደኞቼን ትቼ ሽቅብ እፈተለካለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን «ኢዚ፣ 45 ደቂቃ» ብዬ እጽፋለሁ።

11ኛ ክፍል ላይ የግራ ቅልጥሜ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ሲሞቅ ይተወኝ ነበር፤ በኋላ ደረጃ መውረድም አቃተኝ። ጓደኞቼ ወጌሻ ጋ ሂጂ አሉኝ፤ ሁሉም የሚሄዱት እዚያ ነው። እኔ ግን በዘመድ በኩል አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ደረስኩ። አልጋ ላይ አስቀምጣኝ፣ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምራ የአጥንቴን ውስጠኛ ጠርዝ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ወጣች። «እዚህ ጋ? እዚህስ?» ህመሙ ሰፋ ብሎ ከተዘረጋ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን ተቆጥቶ ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከወጋ ግን ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መመርመር አለበት አለችኝ። የእኔ የተዘረጋው ሆነ።

«ከሳምንቱ ውስጥ ቀላሉ ቀንሽ የትኛው ነው?» ስትለኝ ደብተሬን አውጥቼ ላሳያት ብዬ አፈርኩ። እውነቱን ነገርኳት። አጥንት የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት ሳይሆን ካረፈ በኋላ እንደሆነ ያስረዳችኝ ያን ቀን ነው።

ስድስት ሳምንት አረፍኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ግን ሰውነቴ ራሱ ይነቃል፤ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። ያኔ ነው አጠናኔም ያው እንደ ሩጫዬ መሆኑ የገባኝ። በየማታው እስከ እኩለ ሌሊት ፊዚክስ ላይ አፈጣለሁ፣ ጠዋት ምንም የለም። ደብተሩን ገልብጬ ከኋላው የጥናት ፕሮግራም አወጣሁ፦ ማክሰኞና ሐሙስ አዲስና ከባድ ምዕራፍ፤ ረቡዕና ዓርብ መጽሐፉን ዘግቼ ያስታወስኩትን ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍና ማታ 3 ሰዓት መተኛት። ኢዚ ቀኑን ማክበር ከዳገቱ ይልቅ ከበደኝ። ሌላው ሲያነብ መተኛት ያስፈራል።

ጥር 2015 ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል እኔ ቀጣይ ተፈታኝ ነበርኩ። እማዬ ደነገጠች። «ልጄ፣ እግርሽም ገና አልጠና፤ ይሄ ሩጫ ይቅርብሽ» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ደብተሩን ከሁለቱም በኩል አሳየኋት። ገጽ በገጽ አገላብጣ አየችው። በማግስቱ ሌሊት በሶውን ቀድማኝ በጥብጣ አገኘኋት።

ትምህርት ቤቶችና ወላጆች ልጅን «ሯጭ ነሽ ወይስ ተማሪ?» ብለው ሲያስመርጡ ዛሬም ያመኛል። ሐምሌ ላይ ለፈተናው ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የዶርም ጓደኞቼ ኮሪደር ላይ ሲያነቡ አነጉ፤ እኔ በ3 ሰዓት ተኛሁ። የዚያ ዓመት አላፊዎች 3.2 ከመቶ ነበሩ፣ ከእነሱ አንዷ ሆንኩ።

ክለብ አልገባሁም። ጃንሜዳ ላይ የሮጥኩት ሰዓት አያስገባም፤ ለአንድ ሳምንት አልቅሼበታለሁ። ግን የዚያች ሴት አውራ ጣት ከአእምሮዬ አልወጣም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ እንደሚያስተምሩ ካወቅኩ ጀምሮ ግቤ እሱ ሆነ፤ ዲፓርትመንት ስንመርጥም አንደኛ አድርጌ የሞላሁት እሱን ነው።

ለእረፍት ስመጣ ከድሮ ቡድኔ ጋር እንጦጦ እወጣለሁ። ባለፈው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ዛፍ ተደግፋ ቅልጥሟን ስታሽ አየኋት። ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ሰፋ ያለ ነው።

«ረቡዕ እንዴት ሮጥሽ?» አልኳት።

«ኢዚ» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች።