ካልዶ ዴ ፖዮ ለቡቺ፦ የሜክሲኮን የዶሮ ሾርባ ለውሻ የማስተካከል ልምዴ

ካልዶ ዴ ፖዮ የሜክሲኮ ቤቶች የዶሮ ሾርባ ነው። ሰው ሲታመም ይሠራል፣ ሲበርድ ይሠራል፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብም ይሠራል። ዶሮው ከነአጥንቱ በትልልቁ ተቆራርጦ ይቀቀላል። ካሮት፣ ድንች፣ ዙኪኒ፣ ጥቅል ጎመንና ቻዮቴ የሚባለው አረንጓዴ አትክልት ይገቡበታል። በቆሎ ከነቆረቆንዳው ተቆርጦ ይጨመራል። ሩዝ አለው፣ የድንብላል ቅጠል አለው። ገበታ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ቃሪያና አቮካዶ ይቀርባሉ፣ ቶርቲያ የሚባለው ስስ ቂጣም አይለየውም።

ይህን ሾርባ ለውሻዬ እንዲሆን አድርጌ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ከድስቱ ምን ይውጣ የሚለው ጥያቄ ቶሎ ተመለሰልኝ። ብዙ ያስጠናኝ የወጣው ነገር በምን ይተካ የሚለው ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቡቺ ትንሽ ልበል። የምንኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እዚህ የእንስሳት መጠለያዎች ውስጥ ቺዋዋ የምትባለው ትንሽ የውሻ ዝርያና ቅልቅሏ አይጠፉም፣ ቡቺንም ያገኘኋት ከዚያ ነው። ክብደቷ 5 ኪሎ ነው። አርጅታለች። ትናንሽ ዝርያዎች ጥርሳቸው ቶሎ ስለሚበላሽ ብዙዎቹ ጥርሶቿ ተነቅለዋል። ደረቁን የውሻ ምግብ መስበር አቃታት። በሞቀ ውኃ ሳርሰው ደግሞ አሽትታው ትሄዳለች። ሐኪሟ ጨውና ሽንኩርት የሌለው የዶሮ መረቅ ብሞክር ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ።

እዚህ ጋ ጎረቤቴ ገቡ። ሃሊስኮ ከሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ናቸው፣ በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። ካልዶ ሲሠሩ ጠረኑ እኛ በር ድረስ ይመጣል፣ ቡቺም በሩ ሥር ሄዳ ትተኛለች። ስለዚህ ከመረቅ ብቻ ሙሉውን ሾርባ ብናስተካክልላትስ አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ወጥ ቤታቸው አስገቡኝና ከመጀመሪያው ጀምሮ አሳዩኝ።

ካልዶ የሚጀምረው በሽንኩርት ነው። አንድ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ተከፍሎ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮ ከዶሮው ጋር ይቀቀላል። በመጨረሻ አውጥተው ይጥሉታል። ለውሻ ግን ሽንኩርቱን ማውጣት አይበቃም፣ ከነጭራሹ መግባት የለበትም። ሽንኩርት ውስጥ ያሉት የሰልፈር ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ። ሴሎቹ ይፈርሱና የደም ማነስ ይመጣል። መቀቀል አያጠፋቸውም፣ መረቁም ውስጥ ይገባሉ። አንድ ውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ ለውጥ ይታያል። ለቡቺ ሲሰላ ከ75 ግራም ይጀምራል፣ ይህም ከአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ያነሰ ነው። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ሲሰጥም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ግራም በግራም ሲወዳደር ይብሳል። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ድድ መንጣት፣ ድካም፣ የሽንት መጥቆር ከቀናት በኋላ ነው የሚመጡት።

ይህን ረዘም አድርጌ የጻፍኩት ለእኛ ቤት ስለሚሆን ነው። ውሻ የቤቱን ትርፍራፊ ይበላል ብለን ነው ያደግነው። የእኛ ወጥ ግን መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ለአንድ ዶሮ ወጥ ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይገባል። የወጥ መረቅ የነካው እንጀራ ለትንሽ ውሻ አይሆንም። እባካችሁ ይህን ለቤተሰብም ንገሩ።

ሌሎቹ ቶሎ ያልቃሉ። የተቀቀለ አጥንት ስለሚሰነጠቅ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፣ ይወጣል። የበቆሎ ቆረቆንዳ አይፈጭም፣ የትንሽ ውሻ አንጀት ከዘጋ መጨረሻው ቀዶ ጥገና ነው። ፍሬው ግን ተፈልፍሎ ቢገባ ችግር የለውም። ጨው፣ ቃሪያ፣ ሎሚና አቮካዶ ይቀራሉ። በዱቄትም በኩብም የሚሸጠው የመረቅ ማጣፈጫም አይገባም። ጨው የበዛበት ነው፣ አብዛኛው ደግሞ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት አለው።

ይህ ሁሉ ሲወጣ ጎረቤቴ ድስቱን አይተው “ታዲያ ምን ቀረው?” አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለሰው ሲቀመስ ምንም የለውም። ውሻ ግን ምግብ የሚመርጠው ከምላሱ ይልቅ በአፍንጫው ነው። ስለዚህ ሥራዬን ጠረን ላይ አደረግኩ። ደረት ትቼ ታፋ መረጥኩ፣ ምክንያቱም የታፋ መረቅ ይከብዳል። የድንብላሉን ግንድ ከመጀመሪያው እጨምራለሁ፣ ቅጠሉን ድስቱ ከወረደ በኋላ። ድንብላል ለውሻ ጉዳት የለውም፣ ካልዶን ካልዶ የሚያሰኘውም ጠረኑ ይመስለኛል። በዝግታ ይንተከተካል እንጂ አይፈላም። ሲቀርብ ለብ ማለት አለበት፣ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ መረቅ አይሸትምና ቡቺም አትነካውም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። 1 ኪሎ የዶሮ ታፋ ቆዳውን እገፍፋለሁ። አጥንቱ ለጊዜው ይቆያል፣ መረቁን ስለሚያከብደው። 2 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እጥደዋለሁ። አረፋው ሲመጣ በጭልፋ እየገፈፍኩ አወጣለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ከበሰለ በኋላ ሥጋውን አውጥቼ ከአጥንቱ በጣቴ እለያለሁ። መረቁንም በወንፊት አጠላለሁ፣ ስንጥር አጥንት እንዳይቀር። ከዚያ ሁለት ካሮት፣ አንድ ዙኪኒና አንድ የተላጠ ቻዮቴ በጣም ደቅቀው መረቁ ውስጥ እስኪለሰልሱ ይቀቀላሉ። ጥርስ ለሌላት ውሻ መልሶ በሹካ መጨፍለቅ ይሻላል። ሩዙን ለብቻው ቀቅዬ እደባልቃለሁ።

ጥቅል ጎመን ሞክሬ ነበር፣ ሆዷን ስለነፋት ተውኩት። ድንች ደህና ነው፣ ግን ተልጦና በደንብ በስሎ፣ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ በፍጹም አይገባም። እኔ ሩዙን ስለመረጥኩ ሁለቱን አንድ ላይ አላደርግም።

ቅባቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ድስቱ ፍሪጅ አድሮ ሲወጣ ላዩ ላይ የረጋ ቢጫ ቅባት ይኖራል። በማንኪያ ገፍፌ እጥለዋለሁ። ብዙ ስብ አንዳንድ ውሾች ላይ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ብግነት ያመጣል፣ እሱም ከባድ ሕመም ነው። ለሰው ካልዶ ያ የሚያብረቀርቅ ቅባት ውበቱ ነው፣ ጎረቤቴም ሲጣል ማየት አልወደዱም። ግን ለቡቺ ሲባል ተስማሙ።

ዶሮ አጠባብ ላይም የእኛን ልማድ መቀየር ነበረብኝ። በጨውና በሎሚ ዘፍዝፎ ደጋግሞ ማጠብ ነው የለመድነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ግን ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላል፣ የሚረጨው ውኃ ጀርሙን ማጠቢያው ላይና ሌላ ዕቃ ላይ ስለሚያዳርሰው። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው፣ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ። ለቡቺ የሚሆነውን ዶሮ ጨውም ሎሚም አላስነካውም።

በጾም ወቅትም እሠራላታለሁ። ሁዳዴ ላይ ዶሮ መቀቀል የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ እኔን የቀለለኝ ጨው ስለሌለው ቅመሱኝ የማይል ድስት መሆኑ ነው። መለካት ብቻ ነው ያለው።

መለካቱን ልንገራችሁ። የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀመር አለ። የውሻው ክብደት በኪሎ ወደ 0.75 ኃይል ከፍ ይላል፣ በ70 ይባዛል። ለ5 ኪሎ ውሻ 234 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ይህ ተኝታ ለመዋል የሚበቃት ነው። በቀዶ ጥገና እንዳትወልድ ለተደረገች አዋቂ ውሻ በ1.6 ሲባዛ በቀን ወደ 375 ካሎሪ ይሆናል። ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ከዚህ 10 በመቶ ማለፍ የለበትም። ለቡቺ 37 ካሎሪ ማለት ነው። በሚዛን ሳየው 15 ግራም ሥጋ፣ 15 ግራም አትክልትና አንድ የሻይ ማንኪያ ሩዝ ብቻ ነው። ሳህኑ ላይ የማይታይ ያህል ትንሽ ነገር ነው። መረቁ ግን ቅባቱ ከወጣ ካሎሪው ከቁጥር ስለማይገባ፣ ደረቁን ምግብ እስኪያርስ ድረስ አፈስበታለሁ። አሁን ሳህኗን ጨርሳ ትልሳለች። ሰገራዋም ደህና ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በማንኪያ ጫፍ ጀምሬ ነው መጠኑን ቀስ በቀስ የጨመርኩት።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ፍቅር ከበላች ለምን ሙሉ ምግቧ አላደርገውም? ብዙ ያነበብኩት እዚህ ላይ ነው። ችግሩ አጥንቱ ሲወጣ ካልሲየሙም አብሮ መውጣቱ ነው። 100 ግራም የዶሮ ሥጋ ውስጥ ካልሲየሙ 15 ሚሊግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ ፎስፈረሱ ግን ወደ 200 ይጠጋል። ውሻ የሚያስፈልገው ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል የሆነበት ምግብ ነው። አጥንቱ ለሰዓታት ተቀቅሏል የሚለውም አያዋጣም፣ ወደ መረቁ የሚወጣው ካልሲየም በጣም ጥቂት ነው። ጉድለቱ ሲቆይ ሰውነት ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ላይ ይወስዳል። ቡችሎች ላይ እግር እስከ መሰበር ያደርሳል።

የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መጨመር የሚመክሩ አሉ። እውነት ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የላመ ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም አለው። ግን የሚሞላው ካልሲየሙን ብቻ ነው። ዚንክ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ቫይታሚን ኢ አሁንም ይጎድላሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቤት ውስጥ ለሚሠራ የውሻ ምግብ የተጻፉ 200 አዘገጃጀቶችን መረመሩ። 95 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር አጥሯቸው ነበር፣ 83 በመቶዎቹ ደግሞ ከአንድ በላይ። በእንስሳት ሐኪሞች የተጻፉም ነበሩባቸው። ይህን ካነበብኩ በኋላ በራሴ ግምት ሙሉ ምግብ ለማድረግ ድፍረቱ የለኝም። ሆዷ ሲታወክ ሐኪሟ ዶሮና ሩዝ ብቻ ስጫት የምትለው ለሁለት ለሦስት ቀን ነው፣ ለሁልጊዜ አይደለም።

ስለ አቀማመጥ፦ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት አራት ቀን በላይ አላቆየውም። የቀረውን በበረዶ መሥሪያ ትሪ ላይ እየከፈልኩ ፍሪዘር እከታለሁ፣ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ማታ አንዱን ወደ ፍሪጅ አወርዳለሁ፣ ጠዋት ሳህኑን ሙቅ ውኃ ላይ አስቀምጬ ለብ አደርገዋለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ዶሮ ውሾች ላይ አለርጂ ከሚያመጡት ምግቦች አንዱ ነው። የሚያሳክካት፣ ጆሮዋ የሚቆጣ ውሻ ካለቻችሁ ሐኪም ሳታዩ አትጀምሩ። ኩላሊት ወይም ልብ የሚያማቸውም እንደዚሁ።

ቀጥሎ የማስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በእንስሳት አመጋገብ ላይ የሠለጠነ ሐኪም ቀጠሮ ይዤ፣ ይህንኑ ካልዶ በትክክለኛው የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ሞልቶ የቡቺ ሙሉ ምግብ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በቁጥር ማሠራት ነው። ሁለተኛው፣ ጎረቤቴ ካልዶ ዴ ሬስ የሚሉት የበሬ ሥጋ ሾርባ አላቸው፣ እሱን በቀይ ሥጋ እሞክራለሁ። ከናንተ መሐል ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ሙሉ ምግብ ቤት ውስጥ የሚያበስል ካለ፣ ምን ዓይነት ዱቄት እንደታዘዘላችሁና ውሻችሁ ጣዕሙን እንዴት እንደተቀበለችው ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።