የተረገመውን ጋሻ እንዴት እንደፈታሁት፦ 256 ውጊያ በፋይናል ፋንታሲ 6

የተረገመ ዕቃ ሲያጋጥመው ብዙ ተጫዋች ወዲያው እርግማን የሚፈታለት ካህን ፍለጋ ይሮጣል። ይህን ያስለመደን ድራገን ኩዌስት የተባለው የጃፓን ቪዲዮ ጌም ነው። በ1988 በወጣው ሦስተኛው ክፍል የሐንያ ጭምብል 255 መከላከያ ይሰጣል፤ ያጠለቀው ሰው ግን በውጊያ ግራ ተጋብቶ ወዳጅና ጠላት መለየት ያቅተዋል። በ1994 የወጣው ሌላው ቪዲዮ ጌም፣ ፋይናል ፋንታሲ 6፣ መንገዱ ሌላ ነው። የተረገመውን ጋሻ ይዛችሁ 256 ጊዜ ካሸነፋችሁ እርግማኑ ይለቅና የጨዋታው ምርጥ ጋሻ፣ ፓላዲን፣ ይሆናል። ድካሙን ሁሉ የሚያስረሳ ሽልማት ነው።

ጋሻው የሚገኘው ዓለም ከፈረሰች በኋላ ናርሽ ከተማ፣ ከተቆለፉት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው። ቁልፉን የሚከፍተው ከጨዋታው ጀግኖች አንዱ የሆነው ሎክ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ከፊኒክስ ዋሻ አምጡት። እዚያው ናርሽ የጦር መሣሪያ ሻጩ ራግናሮክ የተባለውን ኤስፐር (ለያዘው ሰው አስማት የሚያስተምር የመንፈስ ድንጋይ) ሰይፍ ላድርገው ወይስ እንዳለ ይሁን ብሎ ይጠይቃል። እኔ ሰይፉን እመርጣለሁ። እንዳለ ሲቀር አልቲማ የተባለውን አስማት ያስተምራል፤ ፓላዲንም ያንኑ አስማት ስለሚያስተምር አልቲማ አይቀርባችሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። የተረገመው ጋሻ የያዘውን ሰው ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ጽናትና የአስማት ኃይል በ7 በ7 ይቀንሳል። ለእሳት፣ ለበረዶ፣ ለመብረቅ፣ ለሁሉም ዓይነት ጥቃት ያጋልጠዋል። በዚያ ላይ አፉን ይዘጋዋል፣ ያሳብደዋል፣ ግራ ያጋባዋል፤ የሞት ቆጠራም ራሱ ላይ ይጀምርበታል። መድኃኒቱ ሪበን የተባለው ጌጥ ነው። ሪበን ካደረገ ግራ መጋባቱ፣ እብደቱና አፍ መዘጋቱ ይቀራሉ። ቆጠራው ግን ይቀጥላል፤ ዜሮ ሲደርስ ሰውየው ይወድቃል። ስለዚህ ውጊያው ከቆጠራው ቀድሞ የሚያልቅበት ቦታ መምረጥ ግድ ነው።

ለዚህ ሌላዋ ጀግና ሴሊስ ዓለም ከፈረሰች በኋላ የነቃችበትን ብቸኛ ደሴት የሚያህል አላገኘሁም። በአየር መርከብ ተመልሳችሁ ሣሩ ላይ ተመላለሱ። እዚያ ያሉት ጠላቶች ደማቸው እያለቀ በራሳቸው የሚወድቁ ስለሆኑ አንድ ምት ይበቃቸዋል። የሚሰጡት የልምድ ነጥብ ኢምንት ነው፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። ሌቨል ስትጨምሩ ከኤስፐር የምታገኙትን የችሎታ ጭማሪ በከንቱ አታባክኑም። በረሃው ላይ ከበድ ያለ ጠላት ስለሚወጣ አትርገጡት።

ጋሻውን የያዘውን ሰው ወደ ኋላ መስመር አድርጉት፤ መምታቱን ለሌሎቹ ተዉት። የጠላትን መምጣት የሚያሳንስ ወይም የሚያስቀር ጌጥ ያደረገ ካለ አስወልቁት፣ ያለዚያ ያለ ውጊያ ስትዞሩ ትውላላችሁ። ከውጊያ መሸሽ አይቆጠርም። ጨዋታው ስንት እንደደረሳችሁ ስለማያሳይ ወረቀት ላይ መመዝገብ ይሻላል። 256 የሆነበት ምክንያት ቆጣሪው አንድ ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ብቻ የሚይዝ፣ ስለሆነ ነው፤ ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ እርግማኑ መፈታቱን የሚገልጽ አጭር መልእክት ይወጣል።

ፓላዲን 59 መከላከያና 59 የአስማት መከላከያ አለው። እሳት፣ በረዶ፣ መብረቅና ቅዱስ ጥቃት ሲመጣ ይመጠውና ለያዡ ጤና ያደርገዋል፤ የቀሩትን ዓይነቶች ያከሽፋል። አልቲማን ለመማር ጋሻውን እንደያዙ 100 የአስማት ነጥብ (ከውጊያ የሚገኝ፣ አስማት የሚያስተምር ነጥብ) ማጠራቀም ያስፈልጋል። ለዚህ ማራንዳ ከተማ አጠገብ ያለው በረሃ ተመራጭ ነው፤ እዚያ የሚወጣው ካክቱዋር የተባለ ቁልቋል መሰል ጠላት አንዱ 10 ነጥብ ይሰጣል፣ ስለዚህ አሥር ይበቃል። ካክቱዋር ምት ስለሚያመልጥ ዒላማ የማያስት ጌጥ ለአንዱ ስጡት። አንዱ ተምሮ ሲጨርስ ጋሻውን ለሚቀጥለው አስተላልፉ። የመጨረሻው ጠላት ኬፍካ ግንብ ላይ በሦስት ቡድን ስትከፈሉ ደግሞ ጋሻው አንድ ብቻ ስለሆነ እኔ የምሰጠው ለደካማው ቡድን ነው፤ ጠንካሮቹ ያለሱም ይወጡታል።