ሄርሺ፦ ቡድኗን የማትተው ትንሽ ከተማ

ለዋሽንግተን ቅርብ ከሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፔንሲልቬንያ የተጓዝነው በዓቢይ ጾም ውስጥ በነበረ አንድ ቅዳሜ ሲሆን፣ ዓላማችንም የሄርሺ ቤርስን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ በሜዳው ተገኝቶ ማየት ብቻ ነበር። አብሮኝ የሄደው የእህቴ ልጅ ነው። በሆኪ ፍቅር የተያዘው ገና ሕፃን ሳለ፣ ዋሽንግተን ካፒታልስ በ2018 እ.ኤ.አ. የትልቁን የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ ዋንጫ፣ ስታንሊን፣ በወሰደበት ሰሞን ነው፤ ነገር ግን ዋሽንግተን ገብቶ አንድ ጨዋታ ማየት ለቤተሰብ የሚከብድ ወጪ ስለሆነ፣ ፍቅሩን የኖረው በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ ነው። «አጎቴ፣ ተጫዋቾቹ እኮ መጀመሪያ የሚጫወቱት ሄርሺ ነው፤ ለምን እዚያ አንሄድም?» ያለኝ እሱ ነው። ነገሩን ሳጣራ እውነቱን ሆኖ አገኘሁት። ሄርሺ ቤርስ ከ2005 ጀምሮ የካፒታልስ መጋቢ ቡድን ሲሆን፣ የዋንጫው ጀግኖች ጆን ካርልሰንና ግብ ጠባቂው ብሬደን ሆልትቢ ወደ ትልቁ ሊግ የተሻገሩት በዚያው በኩል ነው።

ትኬቱን የገዛሁት በስልክ፣ ከአንድ መልሶ ሻጭ ድርጅት ነበር። መጀመሪያ የታየኝ ዋጋ ለአንድ ሰው 34 ዶላር ነበር፤ ካርዴን አስገብቼ ወደ መጨረሻው ገጽ ስደርስ ግን የአገልግሎት፣ የማስተናገጃና ሌላም ስም የተሰጠው ክፍያ ተደማምሮ ከ50 ዶላር አለፈ። እውነተኛውን ዋጋ ሰው ልቡን ካሳረፈ በኋላ ብቻ መግለጥ ከማታለል እምብዛም የማይለይ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ንዴቱም ባልቲሞርን፣ ዮርክንና ሃሪስበርግን አልፈን ሄርሺ እስክንደርስ ድረስ አልለቀቀኝም።

ሄርሺ በቸኮሌት የተመሠረተች ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ ቸኮሌት ጎዳና ይባላል፤ የመንገድ መብራቶቿም የፋብሪካዋን ጫፈ ሹል ትንሽ ቸኮሌት ቅርጽ ይዘው ተሠርተዋል። የከተማዋ መሥራች ሚልተን ሄርሺ በ1909 ከባለቤቱ ጋር ወላጅ ላጡ ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተና ሀብቱንም ለዚያው ትምህርት ቤት በአደራ ያስቀመጠ ሰው ነው። የሆኪ ቡድኑን የሚያስተዳድረው ኩባንያም ዛሬ ድረስ የዚሁ አደራ ንብረት ነው። ይህን ማወቄ ስለ ጉዞው የነበረኝን አስተያየት ለውጦታል፤ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ ትኬት የሚቆርጠው ደጋፊ፣ አወቀውም አላወቀው፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ ጋር በተያያዘ ቤት ውስጥ ነው ገንዘቡን የሚያስቀምጠው።

ጨዋታው የሚጀመረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር፤ እኛ ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጃየንት ሴንተር ደርሰን ነበር። በ2002 የተከፈተው ይህ አዳራሽ ለሆኪ ወደ 10,500 የሚጠጋ ሰው ይይዛል። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የሄርሺ ነዋሪ ከ14,000 ያነሰ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቍጥር የሚያስደንቅ ነው፤ ከተማዋ ቤቷን ሁሉ ዘግታ ብትመጣ እንኳ ከአዳራሹ ውጭ የሚቀረው ሰው ጥቂት ነው እንደ ማለት ነው። በእርግጥ ተመልካቹ ከሃሪስበርግ፣ ከሌባነን፣ ከላንካስተርና ከገጠሩ ሁሉ ይመጣል። ቢሆንም 32 ቡድኖች ባሉት የአሜሪካ ሆኪ ሊግ ውስጥ፣ ከብዙ እጥፍ የሚበልጡ ከተሞችን ቡድኖች ትቶ በተመልካች ብዛት በተደጋጋሚ አንደኛ የሚወጣው ይህ የትንሽ ከተማ ቡድን ነው።

በራፉ ላይ ቆመን የሚገባውን ሰው ስንመለከት የቸኮሌት ቀለም ያለውን ማሊያ ያልለበሰ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው ተከታትለው ይገባሉ፤ ከአያቶቹ ጀርባ ላይ የሚነበበው ስም የልጅ ልጆቹ የማያውቁት፣ ጫማውን ከሰቀለ ብዙ ዘመን ያለፈው ተጫዋች ስም ነው። ውስጥ ከጣሪያው ላይ የዋንጫ ባንዲራዎች ተሰቅለዋል። ቡድኑ በ1932 ተመሥርቶ ከ1938 ጀምሮ ከዚህ ሊግ ሳይወጣና ከከተማው ሳይነቀል ቆይቷል፤ የዚህን ሊግ ዋንጫ፣ ካልደርንም፣ 13 ጊዜ ወስዷል፤ የመጀመሪያውን በ1947፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ።

ምግብ ፍለጋ ስንዞር ጾሜ የሚፈቅደውን ነገር ለማግኘት ብዙ ደከምኩ፤ በመጨረሻም የድንች ጥብስ ይዤ ተመለስኩ። የእህቴ ልጅ በወተት የተሠራውን ቸኮሌት ሲበላ ሳየው ቅር አላለኝም፤ የከተማዋ እንጀራ ነውና።

ወንበራችን ላይ ስንቀመጥ ከፊታችን አንድ ትከሻ ሰፊ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ተቀመጠና ልጁ ሜዳውን ለማየት አንገቱን ወዲያና ወዲህ ማዘንበል ጀመረ። ከጎናችን የነበሩ ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያልፍ እናት ይህን አይተው ምንም ሳልጠይቃቸው ተነሡና «ልጄ፣ እዚህ ና፤ እኔ ይህን ሜዳ በቂ ዓመት አይቼዋለሁ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁለት። ሙሉ የውድድር ዘመኑን ትኬት የሚይዙ ናቸው። ወንበሩን ከባለቤታቸው ጋር ከአሮጌው አዳራሽ ጀምሮ አብረው ይዘውት እንደ ነበር፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ከሴት ልጃቸው ጋር እንደሚመጡ፣ ያን ዕለት ልጅየዋ ስለታመመች ብቻቸውን እንደሆኑ ነገሩኝ። ፐኩ (በበረዶው ላይ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ከሜዳው አጋማሽ ወዲህ፣ ከመቺው ቡድን ወገን ተመትቶ የተቃራኒውን የግብ መስመር ማንም ሳይነካው ሲያልፍ ዳኛው ለምን እንደሚያስቆም፣ ቡድኑ ግብ ጠባቂውን አውጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች የሚያስገባው መቼ እንደሆነ፣ ሁሉንም በትዕግሥት አስረዱን። እኔም እንደ እናት ቈጥሬያቸው ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ያነሣሁላቸው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሳስበው የነበረ ነው። በዚህ ሊግ የሚጫወት ወጣት ጎበዝ መሆኑ እንደታየ ዋሽንግተን ይጠራዋል፤ ደጋፊው ስሙን ለምዶ፣ ማሊያውን ገዝቶ ሳይጨርስ ተጫዋቹ ይሄዳል። ታዲያ ሁልጊዜ የሚሄድን ሰው እንዴት ትደግፋላችሁ አልኳቸው። «የሚሄድ ከሆነ ሥራችንን በሚገባ ሠርተናል ማለት ነው» አሉኝ፤ ቀጥለውም ካርልሰን በ2010 ከቤርስ ጋር ዋንጫ ሲያነሣ ገና ልጅ እንደ ነበር፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ስታንሊን ሲያነሣ ግን እሳቸውና ባለቤታቸው ሳሎናቸው ውስጥ እንዳለቀሱ አወሩልኝ። የዋሽንግተን ዋና አሠልጣኝ የሆነው ስፔንሰር ካርበሪም ከ2018 እስከ 2021 የሄርሺ አሠልጣኝ እንደ ነበር ሲነግሩኝ ስለ ጎረቤታቸው ልጅ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ውስጥ ቆሜ እየዘመርኩ ነው፤ ጊዮርጊስና ቡና በሚገናኙበት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፌያለሁ፤ ደጋፊ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ ቍጥር ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጋችን በተመረጡ ከተሞች ላይ እየተሰባሰበ መካሄዱ፣ ክለቦቻችንም የገዛ ከተማቸው ሕዝብ በሌለበት ሜዳ «ባለ ሜዳ» ተብለው መጫወታቸው የሚያሳዝነኝ፣ የሚያስቈጣኝም ነገር ነው። የስርጭት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ የስታዲየሞቻችንም ጉድለት እውነት ነው። ነገር ግን እኚህ እናት ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ወንበር ያሳለፉትን ዕድሜ ለአንድ የሐዋሳ ወይም የባሕር ዳር ደጋፊ የምንነፍገው በምን ምክንያት እንደሆነ ማንም በቂ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ተጫዋች ቢሄድ ምንም አይደለም፤ ሄርሺ ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ሜዳው ከሄደ ግን ደጋፊውን የሚይዘው ነገር የለም።

የሁሉም ሰው አንደበት የሚፈታው ስለ አሻንጉሊት ድብ ውርወራው ሲነሣ ነው። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ በአንድ የተመረጠ ጨዋታ ላይ ቤርስ የመጀመሪያውን ግብ ሲያገባ ተመልካቹ ያመጣውን አሻንጉሊት ሁሉ ወደ በረዶው ይወረውራል፤ የተሰበሰበውም ለአካባቢው በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይከፋፈላል። በጥር 2023 የተጣለው 67,309 ነበር፤ በ2024 ቍጥሩ 74,599 ደረሰ፤ በጥር 2025 ደግሞ 102,343 አሻንጉሊት ወርዶ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። 10,500 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ይህ ማለት እያንዳንዱ ተመልካች በአማካይ ወደ አሥር የሚጠጋ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። እናቲቱ የሚያመጡትን ዓመቱን ሙሉ ከየሱቁ በቅናሽ ሲገኝ እየገዙ አልጋ ሥር ያጠራቅማሉ። ተጫዋቾቹም አብረው ክምሩን እንደሚያነሡ፣ ጨዋታው ለረጅም ጊዜ እንደሚቋረጥ፣ አንድም ሰው ግን እንደማያጉረመርም ነገሩን። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው እጁ ባዶ፣ ፊቱ ግን የበራ ነው አሉ።

ያላስደሰተኝን ሳልጽፍ ብቀር ትክክል አይሆንም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጋጣሚው ቡድን ከሊሃይ ቫሊ ፋንተምስ አንድ ተጫዋችና ከቤርስ አንዱ ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ተያያዙ፤ አዳራሹም ግብ እንደገባ ያህል በአንድነት ተነሥቶ ጮኸ። ዳኞቹ አንዳቸው እስኪወድቅ ድረስ ቆመው ተመለከቱና ከዚያ ለያይተው ለሁለቱም አምስት አምስት ደቂቃ ቅጣት ሰጡ። የጨዋታው ወግ እንደሆነና ለጓደኛ መከታ መሆንን እንደሚያሳይ ተነግሮኛል። ነገር ግን ከጎኔ ልጅ ይዤ ተቀምጬ ሰው ሲደማ በሚጮኸው ጩኸት ልተባበር አልቻልኩም፤ ይህን ያህል ደግ ሕዝብ ያለ እሱም ቡድኑን መውደድ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጨዋታው በሦስቱ የሃያ ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች በአቻ ውጤት አልቆ በተጨማሪው ሰዓት ቤርስ ተሸነፈ። የእህቴ ልጅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሕዝቡ ግን ወዲያው አልተበተነም፤ ተጫዋቾቹ በትራቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሰላምታ እስኪሰጡ ድረስ ቆሞ አጨበጨበላቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ኮቱን የለበሰው። እናቲቱ ልጁን ትከሻውን ይዘው «በተጨማሪ ሰዓት የተሸነፈም አንድ ነጥብ ያገኛል፤ አንድ ነጥብ በሚያዝያ ትፈለጋለች» አሉት።

ሌሊቱ መጥፎ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ሞቴል 118 ዶላር ከፍለን ያገኘነው ክፍል ማሞቂያው በየጥቂት ደቂቃው እንደ በር የሚንኳኳ ነበር፤ ለእንግዳ መቀበያው ብንናገርም የሚቀየር ክፍል የለም ተባልን። በዚያ ላይ ለወጣቶች ውድድር የመጡ የሆኪ ቡድን ልጆች በመተላለፊያው ውስጥ በትንንሽ የፕላስቲክ ዱላ ኳስ እየመቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይሯሯጡ ነበር። ልናገራቸው በሩን ስከፍት የእኛው ልጅ ከኋላዬ ቆሞ በጉጉት ይመለከት ነበርና ወጥቶ እንዲጫወት ፈቀድኩለት። ወዲያው ግብ ጠባቂ አደረጉት፤ ስሙን የጠየቁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ አልተኛሁም፤ እሱ ግን ከሽንፈቱ የዳነው በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ነው።

እሑድ ጠዋት አሮጌውን አዳራሽ ለማየት ሄድን። አንቶን ቴዴስኮ በተባለ መሐንዲስ የተነደፈውና በ1936 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ለከተማው ሰው ሥራ የሰጠ ሲሆን፣ ጣሪያው በመካከል ምንም ምሰሶ የሌለው ስስ የኮንክሪት ቅስት ነው። ቤርስ እስከ 2002 ድረስ የተጫወተው እዚህ ነው። የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ደግሞ በሌላ ምክንያት ያውቁታል፤ ዊልት ቻምበርሌን መጋቢት 2 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ብቻውን 100 ነጥብ ያስቈጠረው በዚህ ጣሪያ ሥር ነው። ያን ሌሊት ያየው የተመዘገበ ተመልካች 4,124 ብቻ ነበር። በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ዛሬም ድረስ ያልተደገመ ነገር ሲሠራ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ነበር፤ ለዘለዓለም የሚታወስ ታሪክ ይሠራል ብሎ ማንም ስላልጠበቀ ሳይሆን፣ ያ የእነሱ ቡድን ስላልነበረ ይመስለኛል።

ከዚያ ስንመለስ ማሊያ የለበሱ ሰዎች አውቶቡስ አጠገብ ተሰብስበው አገኘን። ያው የትናንቱ ባላጋራ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ በአለንታውን ሜዳው ላይ ይጠብቃቸዋል። ትናንት ተሸንፈው ዛሬ ደግሞ መንገድ ሊሄዱ ነው። አንዱን ሰውዬ ቦታ ይኖር እንደሆነ ስጠይቀው ሁለት ወንበር እንዳለ ነገረኝና ዋጋውን ሳይጠራ «ግቡ» አለን። ልጁ እጄን ጎተተ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ፈተና ነበረበት፤ ለእናቱም ቃል ገብቻለሁ። ሃሪስበርግ ላይ ምሳ በልተን ወደ ደቡብ አቀናን፤ ጨዋታውንም በስልክ በቀጥታ ስርጭት ከፍተን መንገዱን ሁሉ አዳመጥን። ባልቲሞርን ስናልፍ ቤርስ 2 ለ 1 ይመራ ነበር።