ከኮምፒውተር ጋር ስታገል ዋልኩ

ዛሬ ጠዋት ዴስክቶፔን ሳበራው ፋኑ ይዞራል መብራቱም በርቷል ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ብቻ ይጮሃል። ማታ ደህና ነበርኮ! አንድ ጠጋኝ ጋር ደውዬ ብነግረው ገና ሳያየው "ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል" ብሎኝ ቁጭ 😂 እልህ ይዞኝ ከሶኬት ነቅዬ ከፈትኩት፣ አቧራው ጤፍ ይዘራበታል በቃ። ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አውጥቼ ወርቃማውን ጫፍ በልጄ ላጲስ ቀስ አድርጌ አሸት አሸት አረኩና ቀጭ እስኪል መልሼ ሰካሁት።

በራ!!

ደስታዬን ሳልጨርስ ደሞ ዊንዶውስ አልገባም አለ፣ ለካ ፍላሽ ሰክቼ ረስቼ ከሱ ሊነሳ እየሞከረ ነው፣ ስነቅለው ገባ። የኮምፒውተሩ ቀን ግን ዓመቱን 2009 ይላል፣ ያቺ ሳንቲም የምታክለው የማዘርቦርድ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፣ ነገ ሲአር 2032 እገዛላታለሁ። ልጄ ላጲሴን አጠቆርክብኝ ብሎ እስካሁን አኩርፏል።