ካልሲ ውስጥ የገባው ፖድካስት

11ኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ 2014 ዓ.ም.። ቲቸር አንድ ቀን ገብቶ "በቡድን ሆናችሁ ስለ ሰፈራችሁ ታሪክ ፖድካስት ትሠራላችሁ" አለን። ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ የሚያዘው ከ20። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ2004 "አይፖድ" እና "ብሮድካስት" ተጋጥመው የወጣ መሆኑንም አስረዳን። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ አይፖድ ምንድነው?" አለ። ቲቸር ትንሽ ዝም አለ። እርጅና የተሰማው ያን ቀን ይመስለኛል።

እኛ ሦስት ነበርን። ሥራው ሳይጀመር ሥልጣን ተከፋፈልን። አንደኛው ቴክኒሻን ሆነ፤ ስልኩ ከሁላችንም ስለሚሻል። አንደኛዋ ኤዲተር ሆነች፤ ቤታቸው ላፕቶፕ ስላለ። እኔ አቅራቢ ሆንኩ፤ አያት ስላለችኝ።

አያቴ የሠራተኛ ሰፈር ሰው ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው፤ ፒያሳን እንደ ጓዳዋ ታውቃታለች። እምዬ ነው የምንላት። "እምዬ፣ ስለ ምኒልክ ሐውልት ትነግሪናለሽ፣ እንቀዳሻለን" ስላት ወዲያው ቀሚስ መምረጥ ጀመረች። ድምፅ ብቻ ነው ብላት አልሰማችም።

"በስንት ሰዓት ነው የሚተላለፈው?"

"እምዬ፣ ራዲዮ አይደለም።"

"ታዲያ ማን ሊሰማኝ ነው የምለፋው?"

ቴክኒሻኑ ሌሊቱን ሙሉ ዩቲዩብ ሲያይ አድሮ ኤክስፐርት ሆኖ መጣ። ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፣ ለስላሳ ነገር ግን ይውጠዋል። ስለዚህ ቁምሳጥን ውስጥ ገብተን ልብስ መሀል እንቅዳ አለ። እምዬ "ቁምሳጥን ውስጥ የሚገባ ሌባ ነው" ብላ ዘጋችው። በጋቢ ተስማማን። እሷና እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ ጋቢው በላያችን ተደፍቶ፣ ጉንፋን ይዞት ባሕር ዛፍ የሚታጠን ሰው መሰልን።

ሁለተኛው ምክሩ ካልሲ ነበር። "ፐ" ስንል ትንፋሻችን ማይኩ ላይ ቧ እያለ ያስቸግራል፣ ማይኩ መሸፈን አለበት አለ። እውነቱን ነው። የፕሮግራማችን ስም ደግሞ "ፒያሳ ፖድካስት" ነው፤ ትንፋሽ በትንፋሽ። ስለዚህ ስልኩን እስከ ወገቡ ስስ ካልሲ አለበሰው። መቅጃዋ ቀይ ቁልፍ ከታች ስለሆነች እሷም ካልሲው ውስጥ ገባች። "ችግር የለም፣ በላዩ ስትነካው ይሠራል" አለ። ሞከርነው። እውነትም ይሠራል።

የጠፋነው እዚህ ላይ ነው። ካልሲውን ወደ ላይ ሲጎትት አውራ ጣቱ ቀዩዋን ቁልፍ ነክታለች። ስልኩ መቅዳት ጀምሯል። እኛ አላወቅንም። ከዚያ "ዝግጁ? ጀምር!" ስል ቁልፏን ተጫናት። ስልኩ ታዛዥ ነው፤ ቆመ።

እምዬ ያን ቀን እንዴት እንዳወራች! ጉሮሮዋን ጠርጋ "ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አድማጮች" ብላ ጀመረች። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም.፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጫን ዋዜማ እንደተመረቀ ነገረችን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከነፈረሱ አውርዶ እንደቀበረው፣ ነጻነት ሲመለስ ከተቀበረበት ወጥቶ እንደቆመ። አባቷ ከነገሯት እያነሳች፣ እየተከዘች። ጋቢው ውስጥ ላቤ እየተንጠፈጠፈ እንኳ ፀጉሬ ቆመ።

ችግሩ ሰፈሩ ዝም አይልም። "ቆራሌው!" የሚል ያልፋል። ቴክኒሻኑ ቶሎ ብሎ ቁልፏን ይጫናል፣ ቆራሌው እስኪርቅ እንጠብቃለን፣ ደግሞ ይጫናል፣ እንቀጥላለን። ልዋጭ ይመጣል፤ ይጫናል። የጊዮርጊስ ደወል ይደወላል፤ ይጫናል። ጎረቤት ቡና ይወቅጣል፤ ይጫናል። የቴክኒሻኑን ትጋት ማንም ሊክደው አይችልም። አንድም የሰፈር ድምፅ ሳያመልጠው፣ በየመሀሉ እረፍት እያደረግን፣ ፈንዲሻ እየበላን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዳን።

ከእረፍቶቹ በአንዱ ነው እምዬ "ለመሆኑ መምህራችሁ ማነው?" ያለችው። ስሙን ነገርናት። ጋቢውን ከራሷ ላይ ገፋ አደረገችው።

"የሽሮ ነጋዴዋ ልጅ? ያ ቀጫጫው?"

ከዚያ የነገረችንን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ቆዩ፣ ትሰሙታላችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው የምናስረክበው። ሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። የኤዲተሯ ላፕቶፕ ባትሪው ሞቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። ቴክኒሻኑ ፋይሉን በቴሌግራም ላከላት፣ ስልኳ 4 ፐርሰንት ላይ ነው። ከፍታ ማዳመጥ አልቻለችም፤ ርዝመቱን ብቻ አየች። 11 ደቂቃ! ደስታዋን አትጠይቁኝ። "ልክ ልኩን ነው፣ መቁረጥም አያስፈልገው!" ብላ ለቲቸር አስተላለፈችውና ስልኳ ጠፋ። አንድ ሰዓት ያወራነው እንዴት 11 ደቂቃ ሆነ ብሎ የጠየቀ ከሦስታችን አንድም አልነበረም። ሦስታችንም ሒሳብ ተምረናል።

ማክሰኞ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ትልቁ ስፒከር መጣ። ቲቸር መጀመሪያ የእኛን ከፈተ። እኔ አንገቴን አቅንቼ ተቀምጫለሁ። የተቀዳ ድምፅህን ስትሰማ የሌላ ሰው ይመስልሃል፤ ስታወራ ድምፅህ በአጥንትህም በኩል ስለሚደርስህ ነው ይባላል። ለዚያ ራሴን አዘጋጅቻለሁ።

የፒያሳ ፖድካስት የመክፈቻ ቃል እንዲህ አለ፦

"ካልሲው ታጥቧል?"

"ትናንት።"

ቀጭ። ከዚያ "ቆራሌው! ቆራሌው!" ክፍሉ በአንድ ላይ ሳቀ። ቲቸርም ፈገግ አለ፤ ኪነጥበብ ነው ብሎ ይመስለኛል። ደወል። የፈንዲሻ ቆርጠም ቆርጠም። ሙቀጫ። አንዲት የማትታይ ሴትዮ ልዋጩን "በዚህ ጫማ ሁለት ሳፋ ካልሰጠኸኝ ሂድ" ትላለች። ቴክኒሻኑ ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያኔ ገባኝ። የቀዳነው ያቆምነውን ነው። ያቆምነው የቀዳነውን ነው።

ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም ገባኝ። ተነስቼ ስፒከሩን እንዳልነቅለው እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

"የሽሮ ነጋዴዋ ልጅ? ያ ቀጫጫው?" አለ የእምዬ ድምፅ፣ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ። ካልሲው ለካ ሥራውን ሠርቷል። "ኧረ አውቀዋለሁ! የጎረቤት ዘይቱና ሊሰርቅ አጥር ላይ ወጥቶ ሱሪው ቆርቆሮው ላይ ተሰክቶ ቀረ። አድኑኝ እንዳይል ሌብነቱ ሊታወቅበት ነው። ምን ቢል ጥሩ ነው? 'እሳት! እሳት!' ሰፈሩ ባልዲ ባልዲውን ይዞ ወጣ። እኔ ራሴ ነኝ አንድ ባልዲ ውኃ የቸለስኩበት። አይ እሱ! ዛሬ መምህር ሆነ? ተመስገን።"

ከዚያ የእኔ ሳቅ መጣ። ረጅም ነው። እየተንፈራፈርኩ የምስቀው ሳቅ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። መሳቅ የፈለገ ሁሉ ጠረጴዛውን ያያል። ቲቸር እጁን ኪሱ ከትቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አላቋረጠውም። ሲያልቅ ስፒከሩን ራሱ አጠፋና "የሚቀጥለው ቡድን" አለ።

ሐሙስ ውጤት ተለጠፈ። 17 ከ20። እኛ ዜሮ ነበር የጠበቅነው። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት መስመር ተጽፏል፦

"ምንጭ አላጣራችሁም፦ ዘይቱና ሳይሆን ኮክ ነው። −1

ሱሪው የታላቅ ወንድሜ ነበር። −1

ባለጉዳዩ ምላሽ እንዲሰጥ ዕድል አልተሰጠውም። −1"

ቅዳሜ ወረቀቱን ለእምዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ ስታስብ ቆየችና አንገቷን ነቀነቀች።

"ኮክ? በዚያ ግቢ ኮክ የሚባል በቅሎ አያውቅም። በል ቴፕህን አምጣ።"